የጥጥ ፈትልን በወጥ ቤት ቅመምና ልጣጭ መንከር፦ ቀለሙ እንዳይለቅ ምን ይደረግ?

ፈትል በቤታቸው የሚነክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡት ቅሬታ አንድ ነው። ከድስቱ ሲወጣ ደምቆ የታየው ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ግማሹ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ደግሞ ፈትሉ ወደ ቀድሞ ንጣቱ ተመልሶ እዚህም እዚያም የደበዘዘ ጠባሳ ብቻ ይቀርበታል። ብዙዎች ጥፋቱን በቅመሙ ላይ ይጥሉና በሚቀጥለው ጊዜ እርዱን እጥፍ ያደርጉታል፣ ወይም ጨውና አቼቶ ይጨምሩበታል። ሁለቱም አይረዱም። የጥጥ ቀለም መጽናቱ የሚወሰነው ቅመሙ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሚከናወኑ ሦስት ሥራዎች ነው፤ እነርሱም የጥጡን ሰም ማስለቀቅ፣ በታኒን (ከሻይ ቅጠልና ከመሳሰሉት በሚወጣ፣ ጥጡን ከአሉም ጋር በሚያስተሳስር ነገር) መዘፍዘፍና በአሉም (በሸብ) መዘፍዘፍ ናቸው። የዚህ መመሪያ ሰፊ ክፍልም የሚውለው በእነዚሁ ላይ ነው።

ከዚህ በታች የተሰጡት መጠኖች ሁሉ ለ100 ግራም ደረቅ ፈትል የተሰሉ ናቸው። ፈትልዎ 250 ግራም ከሆነ እያንዳንዱን መጠን በሁለት ተኩል ያባዙ። ሥራው አዳር ስለሚጠይቅ ሦስት ቀን ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመጨረስ መሞከር የውድቀት ሁሉ መነሻ ነው።

ዝግጅት

ፈትሉን መለየት

እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከሚሸጠው ክር ውስጥ ጥጥ የሚመስል ሁሉ ጥጥ አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጣት የሚያህል ክር ለምነው በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር ግን እየቀለጠ ይሸበሸብና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል፤ ይህን ክር በወጥ ቤት ቅመም ሊነክሩት አይችሉም። የተቃጠለ ጸጉር የሚሸት ከሆነ የበግ ጸጉር ነው፤ እርሱ የተለየ አያያዝ ስላለው ወደ መጨረሻው ላይ ተመልክቷል።

በእንዝርት የተፈተለ ፈትል ቀለምን ከፋብሪካ ክር ይልቅ ጠልቆ ይቀበላል፤ ሆኖም ሰሙ ገና ስላልወጣለት በመጀመሪያ ውሃ እንኳ አያስገባም።

ማቅለሚያውን መምረጥ

ለጀማሪ የሚመከረው የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ከወጥ ቤት ቀለሞች መካከል ጥሩ ጽናት አለው። ሻይ ቅጠልና የቡና አተላ የተረጋጋ ቡናማ ይሰጣሉ። እርድ ከሁሉም ይደምቃል፤ ፀሐይ ግን ይበላዋል። በእርድ የተነከረ ጥለት ያለው ነጠላ ለብሶ ጥር 11 ቀን ከጠዋት ጀምሮ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ፀሐይ ላይ መቆም ለቀለሙ የከፋ ፈተና ነው። ስለዚህ እርድን ጥላ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለትራስ ልብስ ወይም ለግድግዳ ጌጥ፣ ያውሉት።

ቀይ ሥርን ይተዉት። ውሃው እጅግ የሚያምር ሐምራዊ ቢሆንም ቀለሙ ከጥጥ ጋር አይጣበቅም፤ ሙቀትም ብርሃንም ያጠፉታል። በርበሬም እንዲሁ ነው፤ ቅላቱ የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ ስላልሆነ በፈትሉ ላይ የሚቀረው ደቃቅ ቅንጣትና ለለባሹ አንገት ማቃጠል ብቻ ነው።

አሉምና ሶዳ

አሉም ድንጋይ ስኳር የሚመስል ነጭ ማዕድን ነው፤ ሸብም ይባላል። ጨው ተሸጦልዎት እንዳይሆን በቤትዎ ይፈትኑት። ጥቂቱን በሙቅ ውሃ አሟሙተው ቁንጥር የዳቦ ሶዳ ይጨምሩበት፤ አሉም ከሆነ አረፋ እያወጣ ነጭ ደመና ይሠራል፣ ጨው ከሆነ ምንም አይሆንም።

ለሰም ማስለቀቂያ የሚያስፈልገው የዳቦ ሶዳው ራሱ ሳይሆን ተቆልቶ የጠነከረው ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዳቦ ሶዳ በደረቅ የብረት መጥበሻ ላይ አድርገው እያማሰሉ ያሙቁት። ሲሞቅ እንፋሎትና አየር እያወጣ እንደሚፈላ ይንቀሳቀሳል፤ መንቀሳቀሱን ሲያቆም ተለውጧል፣ ክብደቱም ከሲሶ በላይ ቀንሷል። ቀዝቅዞ በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ። ይህን በእንጀራ ምጣድ ላይ አይሞክሩ፤ ምጣዱ የተሟሸበትን ቅባት ይበላዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሳሙና ሥራ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ሌላ ነገር ነው። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ድስትና ውሃ

በየቤቱ ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አልሙኒየም ነው። ሶዳ አልሙኒየምን ስለሚበላ ድስቱም ይጎዳል፣ ፈትሉም ግራጫ ይሆናል። የማይዝግ ብረት ወይም ሽፋኑ ያልተላጠ የኢናሜል ድስት ይጠቀሙ፤ ከ7 እስከ 8 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ለዚህ ሥራ የዋለ ድስት፣ ማማሰያና ወንፊት ዳግመኛ ለምግብ አይመለስም። የሸክላ ዕቃም አይሆንም፤ የአንዱን ቀለም መጥጦ ለሚቀጥለው ይተፋዋል።

ለ100 ግራም ፈትል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 40 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ አስቀድመው ሞልተው ያቆዩ፤ አሉም ውስጥ ያደረ ፈትል ሊያለቀልቁ ሲነሡ ቧንቧው ደረቅ ሆኖ እንዳያገኙት። በክረምት ከጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው፤ የሚወርድበት ቆርቆሮ የዛገ ከሆነ ግን አይውሰዱት። ምክንያቱ በሦስተኛው ደረጃ ግልጽ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ መመዘንና ማዘጋጀት

1. ፈትሉን ደረቅ እንደሆነ ይመዝኑ። በቤትዎ ሚዛን ከሌለ ቅመም ነጋዴ ዘንድ ያስመዝኑትና ቁጥሩን ይጻፉ።
2. ልቃቂቱን ፈትተው በሁለት የወንበር መደገፊያዎች ዙሪያ እያዞሩ ሰፊ ቀለበት ያድርጉት። በልቃቂትነቱ ከተነከረ ውጭው ይቀልማል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል።
3. ቀለበቱን በአራት ቦታ በነጭ የጥጥ ክር ላላ አድርገው ይሰሩ። ጠብቆ የታሰረ ቦታ ቀለም አይገባውም።

ደረጃ 2፦ ሰሙን ማስለቀቅ

1. በድስቱ 5 ሊትር ውሃ አድርገው 5 ግራም የተቆላ ሶዳና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ሶዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ይሆናል።
2. ፈትሉን አስገብተው እሳቱን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ለአንድ ሰዓት ተኩል ዝግ ብሎ ይንተክተክ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሌላ አገር መመሪያ «አንድ ሰዓት ቀቅሉ» የሚለው እዚህ ግማሽ ሰዓት ይጨመርበታል።
3. ውሃው የሻይ መልክ ይይዛል። ይህ ቆሻሻ ሳይሆን የጥጡ ሰም ነው። አፍስሰው ፈትሉን በሙቅ ውሃ ያለቅልቁ።
4. ውሃው እጅግ ጠቁሮ ከሆነ ሥራውን በአዲስ ውሃና ሶዳ ይድገሙት። በእንዝርት የተፈተለ ፈትል ብዙውን ጊዜ ሁለት ዙር ይፈልጋል።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ከፈትሉ ጥቂት አድርቀው አንድ የውሃ ጠብታ ያኑሩበት። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ሥራው አልቋል፤ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ግን ሰሙ አልወጣም፣ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ። ፈትሉ የዝንጉርጉር ቀለም የሚይዘው በአብዛኛው ይህ ፈተና ሲታለፍ ነው።

እንዶድ ያለው ሰው ለማለቅለቂያው ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሶዳውን ግን አይተካም። አረፋው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 3፦ በታኒን መዘፍዘፍ

ጥጥ አሉምን ብቻውን በደንብ አይዝም፤ በመካከላቸው የሚያስተሳስር ነገር ይሻል፣ ይህም ታኒን ነው። በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የታኒን ምንጭ ሻይ ቅጠል ነው። የሮማን ልጣጭ ካገኙ ከሻይ ይመረጣል፤ የሚተወው መሠረታዊ ቀለም ወደ ቢጫ ያደላልና ከሽንኩርት ጋር ይስማማል።

1. 25 ግራም ሻይ ቅጠል በ1 ሊትር ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍሉና በስስ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት።
2. በ4 ሊትር ሙቅ ውሃ ይቀላቅሉት። ሙቀቱ እጅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ዓይነት ይሁን።
3. ርጥብ የሆነውን ፈትል አስገብተው ሁሉም አካሉ ከውሃው በታች እንዲሆን በሳህን ይጫኑት። ደረቅ ፈትል ፈጽሞ አይግባ።
4. ቢያንስ ለአራት ሰዓት፣ ቢቻል እስኪነጋ ይቆይ። ከዚያም ጨምቀው አንድ ጊዜ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። ሳሙና አይንካው።

ማስጠንቀቂያ፦ ታኒን የነካው ፈትል ዝገት ከነካው ወዲያው ይጠቁራል። የዛገ ባልዲ፣ የብረት ሽቦ ማስጫ፣ ሚስማር፣ ከዛገ በርሜል የተቀዳ ውሃ፣ ሁሉም ግራጫና ጥቁር ነጥብ ይተዋሉ፤ ነጥቡም አይለቅም። እንዲህ ከሆነብዎ ፈትሉን አይጣሉት፤ ሙሉውን በደረጃ 7 ወደ ጠቆረው ቀለም ይውሰዱትና ነጥቡ ይሸፈናል።

ደረጃ 4፦ በአሉም መዘፍዘፍ

1. 15 ግራም የተፈጨ አሉም፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ፣ በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ሙሉ በሙሉ ያሟሙ። ሲፈጩ ብናኙን እንዳይተነፍሱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።
2. በሌላ ብርጭቆ 2 ግራም የተቆላ ሶዳ በሙቅ ውሃ ያሟሙ።
3. ሶዳውን በአሉሙ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ። ስለሚገነፍል ዕቃው ሰፊ ይሁን። አረፋው እስኪበርድ ይታገሡ።
4. ሙቅ ውሃ ጨምረው 4 ሊትር ያድርሱት፤ ፈትሉን አስገብተው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደጋግመው ያገላብጡ፤ ከዚያም ሸፍነው ያሳድሩት።
5. በማግሥቱ ጨምቀው አንድ ጊዜ ያለቅልቁት። ወዲያው ካልነከሩት አድርቀው ማስቀመጥ ይችላሉ።

ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ወፍራም ነገር ከሥሩ ከተቀመጠ ሶዳው በዝቷል፤ አሉሙ በፈትሉ ላይ ሳይሆን በድስቱ ሥር ቀርቷል ማለት ነው። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጥቂት በጥቂት አሉም ይጨምሩበት። የተጠቀሙበትን የአሉም ውሃ አይድፉት፤ የመጀመሪያውን መጠን ግማሽ አሉም ጨምረው ለአንድ ተጨማሪ ዙር ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ውሃ በሚያጥርበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ የቀለሙን ውሃ ማውጣት

*የሽንኩርት ልጣጭ።* ደረቁን የውጭ ልጣጭ ብቻ ይሰብስቡ፤ ርጥቡ ነጭ ሽፋን ቀለም የለውም፣ ይሸታል እንጂ። የሚያስፈልገው ከፈትሉ ጋር እኩል፣ ማለትም 100 ግራም ነው። ልጣጭ ቀላል ስለሆነ ይህ አንድ ትልቅ ፌስታል ጢም ብሎ የሚሞላ ነው፤ ከራስዎ ማጀት ብቻ ለማጠራቀም ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሽንኩርት ነጋዴዎች ጆንያ ሲያራግፉ የሚደፉትን ቢጠይቁ በደስታ ይሰጡዎታል። በ5 ሊትር ውሃ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቀቅለው ያጥልሉ። የውሃው ቅላት አያታልልዎ፤ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀይ ፈትል አይወጣም። የሚያገኙት ከሰናፍጭ መልክ እስከ አረንጓዴ ያደላ ቡናማ ነው። ወርቃማ ብርቱካን የሚፈልጉ ከሆነ ልጣጩ ቢጫ የሆነውን ሽንኩርት ይምረጡ።

*ሻይና ቡና።* 50 ግራም ሻይ ቅጠል፣ ወይም 300 ግራም የደረቀ የቡና አተላ ለአንድ ሰዓት ይፍላ። አተላውን ከየጀበናው ስታጠራቅሙ በየዕለቱ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ ይሻግታል። ከሁለቱ ሻይ ይጠነክራል፤ ቡና ከሚጠበቀው በላይ ፈዛዛ ነው።

*እርድ።* ያልተፈጨውን ደረቅ ሥር ገዝተው ያስፈጩ፤ የተፈጨው አንዳንድ ጊዜ ዱቄት ይቀላቀልበታል። 20 ግራሙን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በ4 ሊትር ውሃ ለግማሽ ሰዓት አንተክትከው በጨርቅ ያጥልሉት። እርድ ያለ ማያዣም (ማለትም ያለ ታኒንና አሉም) ጥጥን ስለሚይዝ ደረጃ 3ን ይዝለሉ፤ ታኒን ቢጫውን ያደፈርሰዋል። ደረጃ 2 ግን አይዘለልም።

ማጥለሉን አይናቁት። በውሃው ውስጥ የቀረ አንድ ቁራጭ ልጣጭ በፈትሉ ላይ ተጣብቆ ጠቆር ያለ ነጥብ ይተዋል።

ደረጃ 6፦ መንከር

1. የቀለሙ ውሃ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ፈትሉን በንጹሕ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው ጨምቁና ያስገቡት።
2. እሳቱን በ45 ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉ። በከሰል የሚሠሩ ከሆነ ፍሙን በአመድ ሸፍነው ይጀምሩና አመዱን ጥቂት በጥቂት ይጥረጉ፤ ጭሱና ጋዙ አደገኛ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን።
3. ከድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መነሣት ሲጀምር በዚያው ልክ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። መንፈቅፈቅ አያስፈልገውም።
4. በየአምስትና በየአሥር ደቂቃው ቀለበቱን በእንጨት አንሥተው ያገላብጡ። የላይኛው ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ይምጣ።
5. እሳቱን አጥፍተው ፈትሉ በውስጡ እንዳለ እስኪነጋ ይተዉት። ለእርድ ግን አንድ ሰዓት በቂ ነው።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ ፈትሉን ሳያወጡ ክዳኑን ይክደኑ፤ መብራቱ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥሉ። የሚጎዳው መቋረጡ ሳይሆን ፈትሉን አውጥቶ ግማሹን አየር ላይ መተው ነው።

ርጥብ ፈትል ከደረቀው ይልቅ በጣም ጠቁሮ ይታያል። «ይበቃል» ከማለትዎ በፊት ጥቂት ክር ቆርጠው ያድርቁና ይመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ማጥቆር (ለሚፈልጉ ብቻ)

ከሳምንት አስቀድመው በመስታወት ብልቃጥ አንድ እፍኝ የዛገ ሚስማር አድርገው በግማሽ አቼቶና በግማሽ ውሃ ይሙሉት። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ አይጥበቅ፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

የተነከረውን ፈትል ለማጥቆር በ4 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከዚህ ፈሳሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ጨምረው ያማስሉ። ፈትሉን አስገብተው እያገላበጡ ለአምስት ደቂቃ ይጠብቁ። የሽንኩርቱ ቀለም ወደ ወይራ አረንጓዴ፣ የሻዩ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ካልበቃዎ ፈትሉን አውጥተው ሌላ ማንኪያ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ የጨመረ ሰው ጥቁሩን ያገኛል፤ ነገር ግን ብረት ሲበዛ ጥጡ ይሰባበራል፣ ሸማኔው መወርወሪያ ላይ ሲያደርገውም ይበጣጠስበታል።

ደረጃ 8፦ ማጠብና ማድረቅ

መጀመሪያ ያለ ሳሙና ውሃው እስኪጠራ ያለቅልቁ። ቀጥሎ በጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ያጥቡት። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ በተለይ በእርድ የተነከረው በቅጽበት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ይህ ከደረሰብዎ በ3 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረው ይንከሩት፤ ቢጫው ይመለሳል።

ጥላ ውስጥ፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ገመድ ላይ ይሰጣ። በየጊዜው ያዙሩት፤ አለዚያ ቀለሙ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል።

ከተበላሸ በኋላ

ቀለሙ ዝንጉርጉር ከሆነ እንደገና በዚያው ቀለም መንከር አያስተካክለውም፤ ሰም ያለበት ቦታ አሁንም አይቀበልም። ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ሁሉንም ከመጀመሪያው ይሥሩት። በሁሉም ቦታ እኩል የፈዘዘ ከሆነ ግን ማያዣው ደህና ነው፣ ያነሰው ልጣጩ ነው፤ አዲስ የቀለም ውሃ አውጥተው ደረጃ 6ን ብቻ ይድገሙ። እያጠቡት ውሃው መጥራት እምቢ ካለ አሉሙ አልያዘም፤ ደረጃ 3ንና 4ን ደግመው እንደገና ይንከሩት።

ፀሐይ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ክር በካርቶን ላይ ጠቅልለው ግማሹን በሌላ ካርቶን ይሸፍኑና በመስኮት ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ውጤቱን ሳያዩ ለጥለት የሚሆን ብዙ ፈትል አይንከሩ።

ፈትሉ የበግ ጸጉር ከሆነ

ሶዳና ታኒን አያስፈልጉትም፤ በለስላሳ ሳሙና በለብታ ውሃ ታጥቦ 10 ግራም አሉም ለ100 ግራም ይበቃዋል። በአሉሙ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሙቅና እንዳይፈላ እየተጠበቀ ለአንድ ሰዓት ይቆይ። ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ከተዛወረ ወይም በውሃ ውስጥ ከታሸ ይጠፈጠፍና ፈትልነቱ ያበቃል፤ ስለዚህ ማሞቁም ማቀዝቀዙም በዝግታ ይሁን።

የተረፈውን ውሃና ፈትሉን ማስረከብ

የሶዳ፣ የአሉምና የብረት ውሃ ቀዝቅዞ፣ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ከጓሮ ሰብል ርቆ ይፈሰስ። እንዶድ የተቀላቀለበት ውሃ በቀሃም ሆነ በአንገረብ ወንዝ እንዳይገባ፤ ዓሣ ይገድላል።

ለሸማኔ የሚሰጥ ፈትል በሙሉ በአንድ ድስት፣ በአንድ ጊዜ ይነከር፤ የሁለተኛው ዙር ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ለጥለቱ ምን ያህል እንደሚፈልግ አስቀድመው ጠይቀው ጥቂት ትርፍ ይጨምሩ። ሲያስረክቡም ፈትሉ በምን እንደተነከረና በዱቄት ሳሙና እንደማይታጠብ በወረቀት ጽፈው ከቀለበቱ ጋር ይሰሩት።